ግራው ወጣልኝ

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ነጠላ ሰረዝ» ይላታል። ስሙ የወጣላት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አራሚ ስለሆነች፣ ጸሐፊዎች ረስተው የሚያልፉትን ነጠላ ሰረዝ እየለቀመች ቦታው ስለምታስገባ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አርባ ሁለት ዓመቷን ደፍና ገና ነጠላ በመሆኗ። ስሙን ያወጣው የማሽን ክፍል ሰው ጡረታ ወጥቶ ሄዷል፣ ስሙ ግን እሷው ላይ ቀርቷል። አትቆጣም። «እንኳን ጥያቄ ምልክት አላላችሁኝ» ብላ ታልፈዋለች።

ሥራዋ ከላይኛው ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ወረቀት መጋዘኑ በሚያይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ የመድኃኒት መግለጫ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ ለኅትመት የመጣ ሁሉ መጀመሪያ እሷ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ማስመሪያዋን ከመስመሩ ሥር ታስቀምጥና ፊደል በፊደል ትሄዳለች። ያሠለጠናት ሽማግሌ አራሚ ገና በመጀመሪያው ቀን የነገራት አንድ ነገር ነበር፦ ጥሩ አራሚ ታሪኩ ውስጥ አይገባም፤ ከገባ ዓይኑ ስሕተቱን ይዘላል። «ትርጉሙን ለአንባቢው ተይለት፣ አንቺ ፊደሉን ያዥ» አላት። ሃያ ዓመት ሙሉ ፊደሉን ይዛ ኖረች። በነዚህ ዓመታት ስንት መጽሐፍ እንዳነበበች ብትጠይቋት ቆጥራ ትነግራችኋለች፤ ስለ ምን እንደነበሩ ከጠየቃችኋት ግን ትስቃለች።

አውቃ ያላረመችው ስሕተት አንድ ብቻ ነበር። እሱም የታናሽ እህቷ ነው።

አባታቸው ቀድሞ ሞቷል። እናታቸው ስትሞት ትልቋ ሃያ ሦስት፣ ትንሿ አምስት ዓመቷ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ ልጅቷን ማን ይውሰዳት እያለ ሲመካከር ትልቋ ተነስታ የልጅቷን ልብስ በሻንጣ ከተተች፤ ምክሩ በዚሁ አለቀ። ከዚያ በኋላ እናትም አባትም አስተማሪም እሷው ሆነች። ፊደል ያስቆጠረቻት እሷ ናት፤ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ፣ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ለይታ እንድትጽፍ እያደረገች፣ ሌሎች ልጆች ውጭ ኳስ ሲለጉ። ትንሿን ሁሉም ሰው «ሚጡ» ይላታል፤ እሷ ደግሞ ታላቋን «እትዬ» ትላታለች።

አንድ ቀን ሚጡ የቤት ሥራዋ ላይ አቀርቅራ «ግራ ገባኝ» አለች። ትልቋ ቀስ ብላ ቁጥሩን አስረዳቻት። ልጅቷ ግንባሯን መታ አድርጋ «እሺ፣ አሁን ግራው ወጣልኝ» አለች። እንዴት እንዲህ ይባላል ብትባል፣ ሲገባ ግራ ከገባ ሲወጣም ግራው ነው የሚወጣው ብላ ተከራከረች። አራሚዋ አፏን ከፍታ ልታርማት ነበር፣ ሳቋ ቀደማት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ሰው «ገባኝ» ብሎ አያውቅም። የመብራት ቤቱ ደብዳቤ ሲነበብ፣ አዲስ ስልክ ሲከፈት፣ አንዷ ሌላዋን «ግራው ወጣልሽ?» ትላለች። ዓለም ሁሉ ቢሳሳት በቀይ እስክሪብቶ የምትዘምትበት ሴት፣ ይህችን ግን በፍቅር አለፈቻት።

ወንድና ሴትን በስልክ ስለሚያገናኝ መጣመሪያ መተግበሪያ መጀመሪያ ያነሳችው ጠራዧ ናት። ጠራዧ ምድር ቤት ውስጥ መጽሐፍ የምትሰፋና የምታጣብቅ፣ ድምፅዋ ከማሽኑ በላይ የሚሰማ ሴት ናት። ሁለተኛ ባሏን ያገኘችው በስልክ ነው፤ ባልየውን ልክ ከሱቅ መርጣ እንዳመጣችው ዕቃ «ይኼው ሁለት ዓመቱ፣ አልተበላሸም» እያለች ታስተዋውቀዋለች። በምሳ ሰዓት እየመጣች ነጠላ ሰረዝን ትጨቀጭቃታለች፤ ድርብ ሰረዝ የምትሆኚው መቼ ነው እያለች። አራሚዋ ጆሮ ዳባ ልበስ ስትል ከረመች። በኋላ ግን ሚጡ ሥራ ይዛ፣ አብረው ቢኖሩም የራሷ ሕይወት ኖሯት፣ እሑድ እሑድ ቤቱ ጭር ማለት ሲጀምር፣ አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ራሷ «እስቲ አሳይኝ» አለች።

የመጀመሪያው መተግበሪያ «በነፃ ይመዝገቡ» ብሎ ጋብዟት ሲያበቃ ስሟን ሳይጠይቅ የባንክ ካርዷን ቁጥር ጠየቀ። ሁለተኛው ካርድ አልጠየቀም፤ የስልክ ማውጫዋን ልግባ አለ። ማውጫዋ ውስጥ ያሉት የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ፣ የቧንቧ ሠራተኛውና የጥርስ ሐኪሙ ናቸው፤ ለየትኛው ሊድሩኝ ነው ብላ ዘጋችው። ሦስተኛው ምንም አልጠየቀም፤ ነገር ግን በተመዘገበች በሰዓቱ አንድ ሰው ከወገቡ በታች ያለውን ፎቶ ላከላት። መልስ አልሰጠችም። ለጠራዧ ግን ከፎቶው ሥር በጻፈው አንድ መስመር ውስጥ ሦስት የፊደል ስሕተት እንዳለ ነገረቻት።

ሁለቱ ተመካክረው ማረሚያ ወረቀት ጥግ ላይ ሕግ ጻፉ። ካርድ የሚጠይቅ አይሆንም፤ መጀመሪያ ነፃ ብሎ በኋላ የሚያስከፍልም ያው ነው። የት እንዳለች ለማያውቋት የሚያሳይ አይሆንም። የተጠቃሚውን ማንነት የሚያጣራ፣ ባለጌን የሚከሱበት ቦታ ያለው፣ ደግሞም በቃኝ ሲሉት ስምን አጥፍቶ የሚያሰናብት መሆን አለበት። መገናኘት ከመጣ ደግሞ በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ። ጠራዧ «መልከ መልካም» የሚልም እንጨምር ብላ ነበር፤ አልተጨመረም።

ይህን ወረቀት ይዛ ወደ ሚጡ ሄደች። ሚጡ የምትሠራው ፎቅ ላይ ካለ አንድ ድርጅት ውስጥ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ነው። ስለ ሥራዋ የጠየቃት ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ የደንበኞች አገልግሎት፤ ሰው ጽፎ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። ውሸት አልነበረም፤ ይህ ነው የሚያናድደው። እትዬዋ ደኅናውንና እውነተኛ ነፃ የሆነውን ምረጪልኝ ስትላት፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አነበበችው። ለማን ነው አለች። ለጠራዧ ተባለች። ጠራዧ ባል እንዳላት ሁለቱም ያውቃሉ፤ ተሳሳቁ። ከዚያ ሚጡ ስልኩን ተቀብላ አንዱን ጫነችላት፤ «ይኼኛው ካርድ አይጠይቅም» አለች። ይህም ውሸት አልነበረም።

ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ «እስማማለሁ» የሚለውን ውል፣ አራሚዋ ሥራ ቦታ አትማ አነበበችው። አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው። ማስመሪያዋን አስቀምጣ፣ ሁለት ምሳ ሰዓት ፈጅታ፣ ፊደል በፊደል ሄደችበት፤ ሃያ ሦስት ስሕተት አገኘች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ነፃ» በፀሐዩ ፀ ተጽፎ፣ ከሥሩ ደግሞ በጸሎቱ ጸ «ነጻ» ተብሏል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ነፃ ያለበት ነገር ሊያጠራጥራት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን አንዱን አስተካክላ አለፈች። ጠራዧ በቀይ የተዥጎረጎረውን ወረቀት አይታ፣ ይህን ውል እስከ መጨረሻው ያነበብሽ በምድር ላይ የመጀመሪያዋ ሰው ሳትሆኚ አትቀሪም አለቻት። ነጠላ ሰረዝ ኮራች። ወረቀቱን በማህደር አስገብታ ቤት ወሰደችው፤ አንብባ የጨረሰችው ነገር ላይ ስለተማመነች፣ «እስማማለሁ» የሚለውን ነካች።

ሰዓት ሠሪው የመጣው በሳምንቱ ነው።

አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጅ የለውም። ፎቶው ላይ ጠረጴዛ ላይ ያጎነበሰ ሰው ትከሻና ግንባር ይታያል እንጂ ፊቱ በደንብ አይለይም፤ የማይኮፈስ ሰው ነው ብላ ወደደችው። ሱቁ ውስጥ አሥራ አንድ የግድግዳ ሰዓት እንዳለ፣ ሁሉም የየራሳቸውን ሰዓት እንደሚቆጥሩ፣ ደንበኛ ስንት ሰዓት ነው ብሎ ሲጠይቀው እሱ ስልኩን እንደሚያይ ጻፈላት። ብቻዋን ሳቀች። መልእክቱ የሚመጣው በሥራ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ሲመሽ አይጽፍም። ጨዋ ሰው ነው ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊደል አይሳሳትም። ሀሌታውን ከሐመሩ፣ ንጉሡን ከእሳቱ ለይቶ ነው የሚጽፈው። ፊደል ያስቆጠረውን ሰው እጁን ይባርክ ብላ መረቀች።

አምስት ወር እንዲህ ሄደ። አራሚዋ ጠዋት ፀጉሯን ስታበጥር ታንጎራጉር ጀመር። ቀይ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ረስታው ወደ ቤት ትሄዳለች። ማሽን ክፍል ያሉት ልጆች ነገሩን አሽትተው «ድርብ ሰረዝ» ይሏት ጀመር፤ አልከለከለቻቸውም። ለእህቷ ምንም አልነገረቻትም፤ እስኪጨበጥ ድረስ ይቆይ ብላ ነው። ሚጡም አልጠየቀችም። ያኔ እንደ ጨዋነት ቆጥራላት ነበር።

ጠራዧ ለምርመራ ብላ፣ ባሏን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ያንኑ መተግበሪያ ሞከረችው። አሥር መልእክት እንደተለዋወጠች «ለመቀጠል ቁልፍ ይግዙ» አላት። በማግስቱ እየተንደረደረች ፎቁን ወጣች። ለአራሚዋ ግን እንዲህ ያለ ነገር አንድም ቀን መጥቶባት አያውቅም። ስልኩን ገልብጠው አዩት፤ የለም። ጠራዧ፣ ላንቺ ብቻ ነው እንዴ ነፃ የሆነው ብላ አፈጠጠችባት። ረስተውኝ ይሆናል አለች ነጠላ ሰረዝ፤ ውስጧ ግን ሌላ ነገር አሰበች። ሰው ተስፋ ሲያደርግ የማሽን ስሕተት እንኳ ለእሱ የተላከ ይመስለዋል።

የመገናኘቱ ነገር ሲነሳ ግን ሰዓት ሠሪው ይንሸራተታል። አንዴ ለባቡር ጣቢያው ትልቅ ሰዓት ሊጠግን ተጠርቷል። አንዴ ወገቡን አሞታል። ሦስተኛው ጊዜ ዝም አለ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ስለ ዝናብ ጻፈ። ጠራዧ ይህን ስትሰማ ክሩን በጥርሷ በጥሳ «በቀን ብርሃን፣ ሰው መሐል፣ አንድ ሻይ ጠጥቶ መለያየት የሚከብደው ወንድ፣ ወይ ባለትዳር ነው፣ ወይ የለም» አለቻት።

ቃሉ እንደ መርፌ ገብቶ ቀረ። ዓርብ ጠዋት አራሚዋ ቁርጡን ጻፈችለት፦ የፊታችን እሑድ ካልተገናኘን ይህ ነገር ይብቃ።  ሰውየው ከመጣ፣ ቀሪ ዕድሜዋን ለብቻዋ አትጨርስም፤ ካልመጣ ደግሞ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንደማትሞክር ታውቀዋለች። መልሱ ሲመጣ ግን አዎም አይደለም፣ አይሆንምም አይደለም፤ ጥያቄ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳንቺ ያለች ሴት እስከ ዛሬ ብቻዋን የቀረችው ለምንድን ነው ይላል።

ሌላ ሴት ብትሆን ትቆጣ ነበር። እሷ ግን አምስት ወር ሙሉ ይህን የሚጠይቃት ሰው ስትጠብቅ እንደነበረ ያኔ ገባት። የመድኃኒቱን መግለጫ ወደ ጎን ገፍታ ጻፈች። አንድ የመሬት ቀያሽ ነበር፤ ደኅና ሰው ነው፤ ለሥራ ሩቅ አገር ሊዛወር ሲል እንጋባ አለኝ። የዘጠኝ ዓመት እህት ነበረችኝ። እሷን ለአክስት እንስጥና እንሂድ አለ። አይሆንም አልኩት፤ ሄደ። ለእህቴ የነገርኳት ሰውየው ጠጪ ሆኖ ተገኘ ብዬ ነው፤ በእሷ ምክንያት እንደሆነ እንዳይሰማት። እዚህ ላይ ልታቆም ነበር። አላቆመችም።

«ትጸጸቻለሽ ወይ ካልከኝ፣ እህቴን ከነፍሴ እወዳታለሁ። ግን አንዳንድ ጠዋት ጫማዋን በሩ ሥር ሳየው፣ የኔን ዕድሜ የተጫማችው ይመስለኛል። ይህን ለማንም ሰው ተናግሬ አላውቅም።»

ላከችው። ሰዓት ሠሪው ወዲያው አልመለሰም። ምሳ ሰዓት አለፈ። ከመውጫ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ስልኩ በራ። አንድ መስመር ብቻ ነው።

«አሁን ግራው ወጣልኝ።»

መጀመሪያ ሳቀች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ብቻዋን፣ ከልቧ ሳቀች፤ እንደኛ ይናገራል፣ እንደኛ ቤት ይናገራል ብላ። እግዜር ራሱ ያመጣው ሰው ነው ብላ ወደ ጠራዧ ልትሮጥ ተነስታ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። ተመልሳ ተቀመጠች። ከልማድ የተነሳ ማስመሪያውን ከመስመሩ ሥር፣ በስልኩ መስታወት ላይ አስቀመጠች። ፊደሉ ምንም ስሕተት የለውም። ሃያ ዓመት የሰው ጽሑፍ አንብባ ይህን አባባል አንድም ቦታ አግኝታው አታውቅም። በዓለም ላይ እንዲህ የሚሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ እሷ ናት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደሉን ትታ ትርጉሙን አነበበች።

ቅዳሜ ቅዳሜ አራሚዋ እስከ እኩለ ቀን ሥራ ትገባለች፤ ሚጡ ደግሞ ኮምፒውተሯን ይዛ ከቤት ትሠራለች። ያን ቅዳሜ እትዬ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። የሁለቱን ክፍል የሚለየው ስስ ጣውላ ነው፤ ማዶ ሲያዛጉ እንኳ ይሰማል። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ አደረገችና ጻፈች፦ እንደምን አደርክ።

ከጣውላው ማዶ የኮምፒውተሩ ቁልፎች መንኳኳት ጀመሩ። ስልኩ ላይ «እየጻፈ ነው» የሚለው ቃል ወጣ። ቁልፎቹ ቆሙ፤ ቃሉ ጠፋ። እንደገና ተንኳኩ፤ እንደገና ወጣ። አራሚዋ ይህን እያየች እየሰማች ቁጭ አለች። ምናልባት አጋጣሚ ነው አለች፤ ሰው እንዲህ ነው፣ ገመዱ ከተበጠሰ በኋላም ጫፉን ይዞ ይቆማል። በመጨረሻ በተለመደው ድምፅዋ «ሚጡ፣ እስቲ ውኃ አምጪልኝ» አለች።

መንኳኳቱ ተቋረጠ። «እየጻፈ ነው» የሚለውም ጠፋ። ሚጡ በብርጭቆ ውኃ ይዛ ገባች፣ ራስሽን ተሻለሽ ወይ አለች፣ ግንባሯን በእጇ ነካ አደረገቻት። እትዬ ስልኩን ገልብጣ ነበር የያዘችው። ተቀብላ ጠጣች፤ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ሚጡ ወጣች። ወንበሩ ተንቋቋ፣ ቁልፎቹ ተንኳኩ፣ መልእክት ገባ።

«ይቅርታ፣ ደንበኛ መጥቶብኝ ነው።»

እንባ ቀርቶ ቁጣ እንኳ አልመጣላትም። እንዲህ ብላ መለሰች፦ «ደንበኛዋ ውኃዋን ጠጥታ ጨርሳለች።»

ከጣውላው ማዶ ወንበሩ ተንቋቋ።

ሚጡ በሩ ላይ መጥታ ቆመች፤ ልጅ ሆና ዕቃ ስትሰብር እንደምትቆመው፣ አንድ እግሯን በሌላው ላይ አድርጋ። መናገር ስትጀምር ሁሉንም አፈረጠችው። ድርጅታቸው የመተግበሪያው ባለቤት ነው። ሥራቸው ሰው ሆኖ መጻፍ ነው፤ አንዷ ሠራተኛ በቀን ሠላሳ ሰው ትሆናለች። ያኔ ለእያንዳንዳቸው አሥር አሥር ሰው አስመዝግቡ ተብለው ነበር። እትዬ ሁለት ቀን አይታ ትሰለቸዋለች ብላ ነው የጫነችላት። በሳምንቱ ግን የእትዬ ጽሑፍ ለሌላ ሠራተኛ ደረሰ፤ ልጅቷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ይችን እዩዋት ድርብ ሰረዝ እየተጠቀመች ፍቅር ትጽፋለች ብላ ክፍሉን በሳቅ አንጫጫችው። ሚጡ ተነስታ ይቺን ለኔ ስጡኝ አለች። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ግዢ የሚለው እንዳይመጣባት ከውስጥ ዘጋችላት።

«ለሌላው ሁሉ ውሸት ነው፣ እትዬ» አለች፤ «እውነተኛ ነፃ የሆነው ላንቺ ብቻ ነው።»

ይህን ስትል ውለታ የዋለች መስሏት ነበር፤ ከሁሉ የባሰው ይህ ነው። እትዬ፣ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ አምስት ወር ሙሉ አንድ ማዕድ እየበላን አለቻት። ሚጡ መሬት መሬት እያየች፣ ጠዋት ጠዋት ታንጎራጉሪ ነበር አለች።

«ስንት ሰው አንብቦታል?»

 ሚጡ፣ የእትዬን የምታነበው ራሷ ብቻ እንደሆነች፣ ግን ተቆጣጣሪው የሁሉንም እንደሚያይ ተናገረች። የትናንቱንም? የትናንቱንም። አራሚዋ ይህን ስትሰማ ሻርፗን ከወንበሩ ላይ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣለች፤ ማንም ሳያያት ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ አፈረች።

ከዚያ ቁጣው መጣ። ተነስታ ማህደሩን አወጣችና አሥራ ዘጠኙን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። እኔ ዝም ብዬ የገባሁ ሴት አይደለሁም አለች፤ ጠይቄያለሁ፣ አጣርቻለሁ፣ አንብቤያለሁ፤ እያንዳንዷን ፊደል አንብቤያለሁ፣ የትም ቦታ ላይ ይህ ሰው የለም አይልም።  ሚጡ ወረቀቱን ቀስ ብላ ገለጠች። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈች።

«ለተጠቃሚዎች መዝናኛ ሲባል አንዳንድ መልእክቶች በድርጅቱ ሠራተተኞች ሊጻፉ ይችላሉ።»

አንዷ ትርፍ ተ በቀይ ተሰርዛለች። ጥግ ላይ የስረዛው ምልክት፣ ንጹሕ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ በራሷ እጅ ተቀምጧል። በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ፊደሉን ይዛ ትርጉሙን ለአንባቢው ትታ አልፋለች፤ አንባቢዋ ግን እሷው ነበረች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።  ወረቀቱን አልቀደደችውም፤ ወረቀት ቀዳ አታውቅም።

ሚጡ ከኋላዋ ቆማ በማይሰማ ድምፅ ጠየቀች። «የጫማው ነገር፣ እውነት ነው?»

አራሚዋ ዞር አላለችም። አይደለም ብትል ውሸት ነው። ነው ብትል ደግሞ ልጅቷን አምስት ዓመቷ ላይ ትመልሳታለች። በሙያዋ የተጻፈውን ሰርዛ የምታስተካክል ሴት፣ ይህችን መስመር የምታስተካክልበት ቃል አጣች።

«እሱን ለአንቺ አልጻፍኩትም» አለች።

ሚጡ በወሩ ያን ሥራ ትታ የመድኃኒት መደብር ውስጥ ገባች። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ጫማዋ በሩ ሥር ታይቶ አያውቅም፤ ስትገባ በእጇ አንጠልጥላ ክፍሏ ታስገባዋለች። እትዬ ይህን አይታለች፤ እዚያው ተዪው ለማለት ግን አፏ አልታዘዘላትም። መተግበሪያውን አጠፋችው። ለጠራዧ የነገረቻት አልሆነም ብላ ብቻ ነው፤ ጠራዧም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ምንም ሳትጠይቅ አብራት ምሳ በላች። ማሽን ክፍል ያሉት ልጆች እንደገና ነጠላ ሰረዝ ይሏታል። ሥራ ላይ አሁን ትዘገያለች፤ አንድ ገጽ ሁለቴ ታነባለች፣ አንዴ ለፊደሉ፣ አንዴ ለትርጉሙ። ኃላፊው በመዘግየቷ ሁለት ጊዜ ተቆጥቷታል።

እህትማማቾቹ አልተኳረፉም። አብረው ይበላሉ፣ ስለ ዋጋ ያወራሉ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ታስታምማለች። ሰው ቢያያቸው ምንም የጎደለ ነገር አያይም።

የበሩ ቁልፍ የተበላሸ ጊዜ አዲስ ተገዛ። ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጡ ሲሉ ሚጡ አጠቃቀሙን ለእትዬ አሳየቻት፤ ሁለቴ ወደ ቀኝ ማዞር፣ ከዚያ እጀታውን ወደ ላይ ሳብ ማድረግ። አሳይታ ስትጨርስ ልማድ አምልጧት «ግራው ወጣልሽ?» አለች።

ወዲያው ምላሷን ነከሰች። ሁለቱም በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ ቁልፉን ከእጇ ተቀበለች፣ ሁለቴ ወደ ቀኝ አዞረች፣ እጀታውን ሳበች፤ በሩ ተቆለፈ።

«ገባኝ» አለች፤ ሰው ሁሉ እንደሚለው።